የጫማ አሸዋ

"ይህቺ ውሉ ላይ የለችም" አለ ባለቤቱ፣
ነጃት ላይ ተቀስሮ ጣቱ።
እውነቱን ነው፤ ያኔ ውሉን ስንፈርም
ሆዴ ውስጥ ነበረች፣ አልወጣላትም ስም።
ሁለት ዓመት ሙሉ ደበቅናት፣ በሹክሹክታ አሳደግናት፣
በችፑድ በተከፈለ ቤት፣
አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም በሚነቃበት።
አሁን አስራ አንድ ቀን ሰጠን፣
ቁልፉን እንድናስረክብ፣ ሻንጣችንን ይዘን።

ጁምዓ ጁምዓ ወጣን፣ ማናማን በእግር፣
ነጃት በእንድሪስ ትከሻ፣ እኔ ከስር ከስር።
ጉደይቢያ መንገድ ዳር፣ በየፖሉ ወረቀት፦
"ለላጤ ብቻ።" "ለሴት።"
"ሥጋ ለማይበላ።" "ልጅ ላልያዘ ቤተሰብ።"
እሱ ቁጥሩን ያያል፣ እኔ ፊደሉን ሳነብ።

የመጀመሪያው ቤት መስኮት አለው፤
ሲከፈት የጎረቤትን መስኮት ይዘጋዋል።
ሁለተኛው ጣራ ላይ ነው፤
ቧንቧው እኩለ ቀን ላይ ሻይ ያፈላል።
ሦስተኛው፣ አይ ሦስተኛው!
ወለሉ ነጭ፣ ኩሽናው ሰፊ፣
በሁለት ፎቅ መሃል ባሕሩ ይታያል፣ ክር አክሎ።
"መቶ ሰማንያ ዲናር" ሲባል
እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።
ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ማታ ሙሄ ወንድሜ ከኮምቦልቻ ደወለ፤
"ሁለት መቶ ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ካስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ።"
"ትንሽ ስንት ነው?" ስለው ስልኩን አዞረልኝ፤
ሣር፣ የታሰረች ላም፣ አጥር ላይ የተሰጣ ቡሉኮ አሳየኝ።
ከዚያ ምስሉ ቆመ፣ ላሟ አፏን እንደከፈተች።
"ላሟም አብራ ትሸጣለች?" አለ እንድሪስ። ነጃት ሳቀች።
ቀብዱ የአስራ አራት ወር ደሞዝ ነው።
ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀ።

እንድሪስ ሌሊት ሌሊት ገልባጭ ይነዳል፤
ባሕር ላይ ድንጋይ፣ ድንጋይ ላይ አሸዋ ይደፋል።
ባሕሩ ወደ ኋላ ይላል፣ መሬቱ ቁጥር ያገኛል፣
ዓሣው ገና ሳይሰማ ይሸጣል።
አንድ ቀን ወስዶ አሳየን፣
እርሻውን እንደሚያሳይ ገበሬ እጁን ዘርግቶ፦
"ሁለት መቶ አስራ አራት። ሦስት ወር ደፋሁበት፣
ከዚህ ችካል እስከዚያኛው።"
ነጃት ችካሉን አቀፈችው፤ "ቤታችን?"
ሰምተን እንዳልሰማ ሆንን ሁለታችን።
የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤
የሰው መሬትስ እንቅልፍ ይሰጣል?
ኔፓሌው ዘበኛ ከጥላው ወጣ፣
ለነጃት ውሃ አጠጣ፣
የራሱን በጣቱ ቆጠረልን፣ አራት፣
ከዚያም በዚያው ጣቱ መውጫውን አሳየን።

በአስረኛው ቀን ኡም ጃሲም ዘንድ ደረስን፤
አሮጌ ግቢ፣ ጠባብ ክፍል፣ የተላጠ ቀለም።
አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦
"ትንሿ ሌሊት ታለቅሳለች?"
እንድሪስ የቀሚሴን ጫፍ ጎተተኝ፣ አይ በይ ሊለኝ።
እኔ ግን መደበቅ ሰልችቶኝ
"አዎ" አልኳት። "ሕልም ታያለች መሰለኝ።"
ዝም አለች አሮጊቷ።
መያዣውን ሁለቴ ቆጠረች፣ አንድ ፊልስ አልቀነሰች፣
መነጽሯን አደረገች፣
ከእንድሪስና ከእኔ ስም ሥር፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
ቀስ ብላ፣ "ነጃት" ብላ ጻፈች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ግድግዳው አያስልም፤
ዝምታው ራሱ ቀሰቀሰኝ።
ጎህ ሲቀድ እንድሪስ ገባ፣
ደጃፉ ላይ ጫማውን ገለበጠ፦
አሸዋ፣ እፍኝ የማይሞላ፣ እርጥብ፣
የዛጎል ስባሪ ያለበት።
"ከየትኛው ቁጥር ነው?" አልኩት።
ተኝቷል።
መጥረጊያውን አነሳሁ፤
ነጃት ትነሳና ትርገጠው ብዬ
መልሼ አስቀመጥኩት።